ሦስት ቶን ተኩል

ድራቫ ወንዝ አጠገብ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ብረት ስሸጥ ኖርኩኝ፣ ሠላሳ ዓመት ነጉዶ።
መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ ሰንሰለት፣ የሞተር ዘይት፣
ዊንችም በተርታ ቆሟል፣ ከበር እስከ ጓሮ ቤት፤
ቀይ ቀለሙ ገና አዲስ፣ ምስማር እንኳ ያልጫረ፣
ገዢ የሚዳብሰው፣ እንደ በሬ ጥርሱን እየቆጠረ።

መጋቢት ነበረ። ነፋሱ በጥር ወር
የፖሆርዬን ጥድ ከሥሩ ነቅሎ ጥሎት ነበር፤
ገደል ለገደል ተጋድሟል ግንዱ ሁሉ፣
ጥንዚዛ ሳይቀድማቸው ሊያወጡት ይጣደፋሉ።

ኦዝባልት ገባ፣ ሚስቱ ኔዣ ተከትላው፤
የትልቁን ዊንች ጀርባ መታ መታ አረገው፤
«ስድስት ቶን! ይኼ ነው!» አለኝ፤ «ዋጋውን ተወው።»
ኔዣ ግን ከቦርሳዋ አንድ ብጣሽ ወረቀት
አወጣች፤ የእንጨት ፋብሪካ ሚዛን ማኅተም ያለበት፤
ትራክተራቸውን አስመዝናለች፣ ያለ ባሏ እውቀት።
«ይኸው፤ አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ፣
ሃያ ስምንት የፈረስ ጉልበት»
አለችና ዝም። ለኔ ተወችልኝ የቀረውን ስሌት።

እኔስ? ነጋዴ ነኝ። ስድስቱን ብሸጥ ይሻለኛል፤
ትርፉ ለልጄ መኪና የክረምት ጎማ ይገዛል።
ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፦ «ጌታዬ፣ ልክ ብለዋል»፤
ዓይኗ ግን ዓይኔ ላይ ነው። ሰው እንዲህ ሲታይ ምን ይላል?

«ትልቁ» አልኩ፣ «ግንዱን ብቻ አይደለም የሚስበው፤
ግንዱ ጉቶ ከነከሰ፣ ትራክተሩን ነው የሚጎትተው።
ሦስት ተኩሉ ይበቃዎታል፤ ካቮው ዘጠኝ ሚሊ፣ ሜትሩ ስልሳ፤
ወንፊት አለው ከጀርባዎ፤ ካቮው ድንገት ቢበጠስሳ!»
ኦዝባልት ሳቀ። «የልጅ መጫወቻ!» አለ፣ ኮፍያውን አነሣ።
ወጡ። ዋጋ እንኳ አልጠየቁም። በመስኮት አየኋቸው፣
መኪና ውስጥ ሲከራከሩ፣ መስተዋቱን ጉም አልብሶት ትንፋሻቸው።

ሳምንት አለፈ።
ሰኞ ጠዋት ብቻውን መጣ፣
ጢሙን ተላጭቶ፣ ያለ ቁጣ።
«ትንሹን» አለኝ፤
ሌላ ቃል ካፉ አልወጣ።

ነገሩን የሰማሁት ዊንቹን ጭኜ ስወስድላቸው፣
ከጎረቤታቸው ከፍሎርያን ነው፤ ባለ ስድስት ቶኑን ያዋሳቸው።
የለመነችው ኔዣ ናት። ከጉቶ ጋር አሰረችና
«በል ሳበው» አለችው፣ ራሷ ከአጥሩ ወዲያ ቆመችና።
ካቮው ተወጠረ፣ ጮኸ፣ ጉቶው ንቅንቅም አላለ፤
የፊት ጎማዎቹ ተነሡ፤ አንድ ስንዝር፣ ሁለት፣
ኦዝባልት ሰማይ አየ፣ መሪው ላይ እንደተንጠለጠለ።
«ይበቃል?» አለችው።
የፍሪሲዮኑን ገመድ ለቀቀ። ጎማው ጭቃው ላይ ጧ አለ።

ፍሎርያን ሲያወራው ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ፤
ሌሊት ግን አልጋዬ ላይ ያችን «ልክ ብለዋል» አስታውሻለሁ፣
ምላሴ ጫፍ ደርሳ የተመለሰችውን። ላቤን ጠርጌያለሁ።

ከመመለሴ በፊት ገጠምነው፤ ሦስት ፒን፣ አንድ ዘንግ፤
ኦዝባልት መጋጠሚያውን ሁሉ ግራሶ ቀባው በወግ።
ሸለቆው ውስጥ አንድ ግንድ አለ፣ ሁለት ሰው አቅፎ የማይጨርሰው፤
ትንሹ ዊንች ሳበ፣ ተንፈራገጠ፣ ቆመ። አቃተው።
ኦዝባልት ዞሮ አየኝ፤ ደስ ያለው መሰለኝ፣ በጥቂት፤
ኔዣ ግን ወርዳለች፣ ፑሌጃ ይዛ፣ ወገቧ ላይ ሰንሰለት።
ፑሌጃውን ከግንዱ አሰረች፣ ካቮውን አዙራ መለሰችው፣
ትራክተሩ አጠገብ ከቆመ ጥድ ጋር ጫፉን ቋጠረችው።
ጉልበቱ እጥፍ ሆነ፣ ፍጥነቱ ግማሽ።
እጇን ስታነሣ ይስባል፤ ስትጨብጥ ይቆማል፤
ግንዱ እንደ ሽማግሌ፣ እያረፈ ይመጣል።

ሂሳቡን ረስቼው ስሄድ፣ ኔዣ ሮጣ ደረሰችብኝ፤
ቆጥራ ሰጠችኝ፣ ከላዩ ያንን ብጣሽ ወረቀት ደረበችልኝ፤
«ለሚቀጥለው ገዢ አሳየው» አለችኝ።