ሦስት ጃንጥላ

በርገን ላይ ዘነበ፤ ይሄ ወሬ አይሆንም፣
ያገሩ ሰማይ ነው፣ ሳይዘንብ ቀን አይመሽም።
ብቻ በዚያ ማክሰኞ ሲግሩን ሱቋን ስትከፍት
ሦስት ሰዎች ገቡ፣ ሰላም እንኳን ሳይሏት፤
ሦስት ጥቁር ጃንጥላ ገዝተው ወጡ፣
መልሳቸውን ሳይቆጥሩ ዝናቡ ውስጥ ሰመጡ።

ሲግሩን ደብተሯ ላይ «ሦስት» ብላ ጻፈች፣
ለነገም ይሁን ብላ አምስት አዘዘች።

ሃምቡርግ ላይ ዲትማር፣ መጋዘን ጠባቂው፣
ትእዛዙን አየና ተነሳ ጥርጣሬው፦
«እሷ አምስት ካለችኝ ሌላውም ይከተላል፣
ባዶ መደርደሪያ ደንበኛ ያባርራል።»
ሃምሳ ብሎ ጻፈ።
ሃምሳን ሲያይ አስመጪው ላብ በላብ ሆነና
በዜሮ አረዘመው፣ ለክፉ ቀን አለና።
ሶንግሺያ ሲደርስ ፋብሪካው ሌላ ዜሮ ሰካ።
የሩቅ ወሬ እንዲህ ነው፤ ከሰው ሰው ሲሻገር
ጉንፋን ብሎ ተነሥቶ ያበቃል በመቃብር።

ቺዩ ሜይ የልጇን ልደት ትታ
የሌሊት ፈረቃ ገባች፣
የጃንጥላ አጥንት ስትገጥም፣ ስትገጥም፣
ስትገጥም አደረች።

ሦስት ወር አለፈና መርከቡ አራገፈ፣
ጃንጥላው ከመጋዘን መጋዘን ተረፈ።
ሁሉም ሁሉን ከሰሰ፣ ደብዳቤው ተቆለለ፣
«ያንተ ጥፋት»፣ «ያንቺ ጥፋት» ተባለ።

አንኬን የጠሯት ያኔ ነው።
ዶማም የላት፣ አካፋም፤ ግን ቆፋሪ ናት፣
ጉድጓዷ ደረሰኝ ነው፣ ወርቋ ቀንና ሰዓት።
አራት ደብተር አመጣች፣ በየቋንቋቸው የኮሩ፣
አንድ ገበታ አስቀምጣ ጠበቀች እስኪነጋገሩ።
ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሚሊዮን መስመር አበጠረ፣
እብቁ በነነ፣ ፍሬው ቀረ፦

ማክሰኞ።
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር።
አንድ ደረሰኝ።
ሦስት ጃንጥላ፣ ጥቁር።

የአምስት ሺሁ አባት ይኸው ነበር።

ስልክ ደወለች። ሲግሩን ጥቂት ዝም አለችና፣
«ቀብር ነበር» አለች። «ወንድማማቾች ናቸው፤
ከሩቅ ነው የመጡት፣ ዝናባችንን አያውቁም።
አባታቸውን ሊቀብሩ።»
በአንኬ ሠንጠረዥ ላይ ለቀብር ዓምድ የለም፤
«ልዩ ምክንያት» ብላ አለፈችው።

ዛሬ ደብተሮቹ ይተያያሉ።
ሲግሩን አንድ ስትሸጥ ሶንግሺያ ላይ አንድ ይታያል፣
አንድ ብቻ፣ ጅራት ሳያወጣ።
ቺዩ ሜይ በጊዜ ቤቷ ትገባለች።
ደመወዟም በዚያው ልክ አጥሯል፤
ይሄንን ግን እስካሁን የቆፈረ የለም።

ዲትማር ከክምሩ አንዱን አንሥቶ
በሩ ላይ ሰቅሎታል።
ሃምቡርግም አንዳንዴ ይዘንባል።