ዶሮ መዝለያ ላይ

እናትሽ ከጅዳ «ንገራት» ካለችኝ፣
ይኸው ሦስት ወር ሞላ፣ ምላሴ ከዳችኝ።
ሰው እስኪያልቅ ቆሜ ከፋርማሲ ገዛሁ፣
በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ፣ እንደ ሌባ ወጣሁ።

ዛሬ ጭጋግ ወርዶ ጦሳን ሲሸፍነው፣
ዶሮ መዝለያ ላይ ጀመርኩ፦ «እንዲህ ነው…»
ዓይኔ ከመንገዱ፣ እጄ ከመሪው ላይ፤
ይሻላል እንደዚህ፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ።

«ደም ብታዪ አትደንግጪ፣ ቁስል አይደለም…»
ፍሬን ረገጥኩ፤
ኩርባው ላይ አይሱዙ መጣ።
«ሕመምም አይደል…» አልኩ፤
ቃሉ ጠፋኝ፤ ላቤ ወጣ።

«መጥቶብኛል አባዬ፣ ሐሙስ ለት» አልሽ፤
«ቲቸር ሰአዳ አስተማረችን።
አንተ መንገዱን እይ፣ ገደል አለ ከጎናችን።»

ኮምቦልቻ ስትወርጂ ፌስታሉን ከፈትሽው፤
«አሥር እሽግ!» ብለሽ፣ በሳቅ ልትሞቺ ነው።

ስንት እንደሚበቃሽ እኔ ከየት ላውቀው?