ሁለተኛ ማርሽ

ቮልሴ ዕድሜዋን አትደብቅም፤ ዳገት ላይ ታቃስታለች፣
ብርድ ያገኛት ጠዋት ሦስቴ ካልለመኗት ትኮራለች።
የሃምሳ ዘጠኝ ሥሪት ናት፤ ቀለሟ የደረቀ ሰናፍጭ፣
ከቆመች ዘይት የምታንጠባጥብ፣ ከሮጠች ጭስ የምትረጭ።

እሁድ ማለዳ ነው፤ ረዳቶች ገና «ፒያሳ!» ሳይሉ፣
አዲሶቹ የመንገድ መብራቶች ሳይጠፉ፣ እንዳሉ፣
ከለገሃር ተነሥተን ቸርችልን ሽቅብ ስንይዘው፣
መሪው ግራ ግራ ይላል፤ እኔም ቀኝ ቀኝ ልመልሰው።
አርባ ዓመት እንዲህ ተነጋገርን፣
ያለ አንድ ቃል፤
ትዳር ቢሆን ኖሮ
ድሮ ይፈርስ ነበር መሰል።

ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ቴሌን አለፍን።
ቴዎድሮስ አደባባይን ዞረን ዳገቱን ስንጀምር፣
ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ጧ አለ፣ ተበጠሰ እንደ ክር።
ነዳጅ መስጫውን ብረግጠው፣ ብረግጠው፣ ዝም።
ካቦው ነው። ከዚህ በፊትም አድርጋዋለች፤ አልደነገጥኩም።
ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረግኩ።

ቁርስ የተቀጣጠርን የእህቴ ልጅ ሶልያና
በነጯ፣ በኤሌክትሪኳ፣ ኮቴ ሳይሰማ ደረሰች።
«አክስቴ፣ ምን ምልክት በራ?»
«መብራቱ ከተቃጠለ ሰንብቷል» አልኳት።

ያቺን ነጭ መኪና ባለፈው ቅዳሜ ነድቻታለሁ።
እውነቱን ልናገር፤ ይህን ዳገት ያየችውም አልመሰለኝ።
ከመስመር ወጣ ስል መሪው በእጄ ውስጥ ራሱን መለሰ፣
ጨዋ ነው፤ ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?
ፍሬኑ ከእኔ ቀድሞ ፈራ።
ወንበሩ ወገቤን ሲያሞቀኝ አልጠላሁም፤
ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ወገብም ያረጃል።
ስወርድ ግን እጄ ላይ ምንም አልቀረም፤
ሊፍት ውስጥ ቆሜ አራተኛ ፎቅ እንደደረስኩ ያህል፣
ሄድኩ እንጂ ነዳሁ አልልም።

የኋላውን ክዳን ከፈትኩ።
«ሞተሩ እዚህ ነው እንዴ?» አለች ሶልያና።
ከቦርሳዬ አሥር ሳንቲም አወጣሁ፤
ምንም የማይገዛ፣ ለዚህች ቀን ብቻ የማኖረው፤
በጠርዙ የካርቡራተሩን ቡሎን ግማሽ ዙር፣ ሌላ ግማሽ፣
ሞተሯ ማንም ሳይረግጣት መጮኽ እስክትጀምር።

ይህን ያሳየኝ ዘውገ ነው፤ ጋራዡ ዶሮ ማነቂያ ጓሮ የነበረ፣
ሰፈሩ ሲፈርስ ፒንሳና ካቻቪቴውን በጆንያ ቋጥሮ ገላን የተሻገረ።
«መኪና ነፍስ አላት» ብሎኝ አያውቅም፤
እንደዚያ ዓይነት ሰው አልነበረም።
«ግማሽ ዙር። ከዚያ አትነካኪው» ነው ያለኝ።

«ግቢ፣ አንቺ ንጂ» አልኳት።
«በአንደኛ አንሥተሽ ወዲያው ሁለተኛ።
ነዳጅ የለም፤ ያለሽ የግራ እግርሽ ብቻ ነው።»
ሁለቴ አጠፋቻት። ቮልሷ እንደ ፍየል ዘለለች።
ከኋላ ሚኒባስ ክላክስ ነፋ፤ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ
«እናት፣ ይገፋ?» አለ።

በሦስተኛው ያዘች።
ሶልያና ጥርሷን ነክሳ፣ ትንፋሿን ይዛ፣
በእግሯ ጣት ያቺን ከፀጉር የቀጠነች ነጥብ አገኘቻት፣
ፍሪሲዮኑ የሚይዝባትን፣ ማንም ሊነግራት የማይችላትን።
ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ጠራ፤ አልሰማችውም።
ታች የቀረችው ነጭ መኪናዋ
ፍሬቻዋን እያበራች እያጠፋች በትዕግሥት ትጠብቃለች።
እኛ በሁለተኛ፣ በሰው እርምጃ፣ እየተንኳኳን፣
የማዘጋጃው ሰዓት እስኪታየን ድረስ።

የትኛው ይሻላል ብትሉኝ እንጃ።
በማግስቱ ካቦ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የወሰደችኝ
በዚያችው በነጯ ነው፤
«ወንበሩን አሙቂልኝ» ብያታለሁ፣ አላፈርኩም።
እሷ ግን መሪውን በአንድ እጇ ይዛ፣
መብራት ባስቆመን ቁጥር፣ ሳታውቀው፣
በግራ እግሯ ባዶውን ወለል ትረግጥ ነበር፤
የሌለ ፍሪሲዮን ፍለጋ።