ከአጥሩ በር እስከ ደጃፍ

ከአጥሩ በር እስከ ደጃፍ ስልሳ ሦስት እርምጃ ነው፤
በኢድዋል እግር ማለቴ ነው፣ በእኔማ ሰማንያ አንድ ነው።
ሠላሳ ዓመት የተሟገትነው በዚችው ነበር።
ቤታችን ከድንጋይ ካባው በላይ፣
ዝናቡ ከቤታችን በላይ፣
ሰሜን ዌልስ፣ ደመና ከጭስ ማውጫ ጋር በሚያወራበት ሰፈር።

አማቴ የሞተች ለት ጭቃው ጉልበት ይውጥ ነበር።
የሬሳ መኪናው ከታች ቆመ፤ ሹፌሩ ጫማውን አየ፣
ዳገቱን አየ፣ “ይቅርታ” አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።
ስድስት ወንዶች ሳጥኑን ተሸክመው ወረዱ፤
መርፊን መሐል ላይ ተንሸራተተ፣
ሳጥኑ አዘነበለ፣ ውስጡ አንድ ነገር ኳ አለ።
ኢድዋል አላለቀሰም። በማግስቱ ዶማ ገዛ።

መጀመሪያ ቆፈረ። ሰው ሁሉ ጠጠር ደፍቶ ይረሳል፣ እሱ ግን
“ሆዱ ለማይሞላ ለአፈር አትደግስ፤
አፉን ሳትሸፍነው ጠጠር አታፍስስ” ይል ነበር።
ጥቁሩን አፈር ገፈፈ፣ ጠንካራው ቢጫ እስኪወጣ፤
ድሩ የጠበቀ ወፍራም ጨርቅ አነጠፈበት፣
እንደ ሕፃን መኝታ ጥግ ጥጉን እየሳበ።
ከካባው ጥራጊ ጭንቅላት የሚያክል ድንጋይ፣
ከዚያ ጡጫ የሚያክል፣ ከዚያ አውራ ጣት፣
መጨረሻ ድቃቁ፣ ከነአቧራው፤ ያለ አቧራ አይያያዝምና።
የወንዝ ጠጠር ሊሸጥለት የመጣውን ሰውዬ
“ክብ ነገር ጎረቤት አይይዝም” ብሎ መለሰው።
ሮለሩን ከመርፊን ተዋሰ፣ በአንድ ጠቦት፤
ውሃ እያጠጣ ዳመጠው፣ ድርብ በድርብ።

መሐሉን ከዳሩ አራት ጣት ከፍ አደረገ፣ እንደ ዓሣ ጀርባ፤
“መንገድም ጣራ አለው።”
በዳገቱ ጎን ቦይ፣ ከመታጠፊያው ሥር ክንድ የሚያስገባ ቱቦ።
“ውሃ ሲመጣብሽ በሩን አትዝጊበት፤
መሄጃ ካገኘ ምን ሊሠራ እኛ ቤት!”
እኔንም የያዘኝ እንዲሁ ነበር፣
ሳልሄድ ቀረሁ እንጂ።

በየሚያዝያው ወደ ዳር የሸሸውን ጠጠር በሬክ ይመልሳል።
ጉድጓድ ሲያይ ዝም ብሎ አይሞላም፤ እንደ ጥርስ ሐኪም
የታመመውን ቦርቡሮ፣ ጠርዙን አቅንቶ፣ ከዚያ ይጠቀጥቃል።
ልጃችን ኔሪስ መንዳት የተማረችው እዚህ ነው፣ ፍሬን እየረገጠች፣
እሱ ከኋላ ቆሞ፣ ለልጁ ሳይሆን ለጠጠሩ እየጮኸ።

እሱን የወሰደው መኪና እስከ ደጃፍ መጣ።
አልተንገጫገጨም። ኳ ያለ ነገር አልነበረም።
ሹፌሩ ወርዶ “ጥሩ መንገድ ነው” አለኝ፣
ለሐዘንተኛ የሚባለው ጠፍቶት ይሆናል፤
ከሰማሁት ማጽናኛ ሁሉ የያዝኩት እሷን ብቻ ነው።

በዚህ ኅዳር መታጠፊያው ላይ ኩሬ ተኛ።
የመርፊንን በጎች ረገምኩ፣ ምክር ቤቱን ረገምኩ፣
ሦስት ሳምንት። ቦዩን ጠረግኩ፤ ኩሬው አልተነሳም።
ትናንት ማታ ሰማዩ ሲጠራ ፈራሁ፤
ውርጭ ያገኘው እርጥብ መንገድ ጠዋት ያብጣል፣ ቀትር ላይ ይፈርሳል።
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣ በሰባ አራት ዓመቴ በደረቴ ተኝቼ
ክንዴን እስከ ብብቴ ቱቦው ውስጥ ሰደድኩ።
ቅጠል። ቅጠል። የበግ ጸጉር። ከዚያ ቆዳ፣ አምስት ጣት።

ጓንቱ ነው። የግራው። “ጣልሽብኝ” ብሎ
አንድ ክረምት ሙሉ ያኮረፈኝ።
ጣቶቹ ጠጠር ጠግበው፣ መዳፉ ጨብጦ፣
ውሃውን ይዞ። እሱ! በሩን አትዝጊበት ያለኝ ሰው!

“አንተ ደንቆሮ” አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ለጨለማው፤
ቱቦው ጉሮሮውን ጠርጎ መለሰልኝ፣
ኩሬው እየተንዶቀዶቀ ቁልቁል ሄደ፤
እንደተኛሁ፣ እጄ ጓንት እንደያዘ፣
እስኪያልቅ አየሁት።

ነገ ሬኩን አወጣለሁ።
ሰማንያ አንድ እርምጃ ነው። ይሟገተኝ።