ያልተወሰዱ

እሪ በከንቱ ነው ቤቴ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፤
ሲመሽ ነው የምሠራው፣ ስትገባ ፀሐይ።
ታብሌቷን አጋድሜ ነጭ ገጽ ከፈትኩ፣
መስታወት ደረብኩ፣
ስልኬን ከዱቄት ወተት ጣሳ ጋር በላስቲክ አሰርኩ።

የጫማ ካርቶኗን ክዳኗን ባነሣ
ኮምጣጤ ሸተተኝ፤
ፊልምም እንደ ጠጅ ይሆመጥጣል ለካ፣ ዓመታት ሲረሳ።
ክዳኗ ላይ በቀይ፣ ባባቴ እጅ ጽሕፈት፦
«ያልተወሰዱ። ቀብድ ያለበት።»

ፎቶ ዘርጋው ማለት ከሲኒማው ወረድ፣
ባንድ በር የምትገባ፤ ዛሬ ሰፊ መንገድ፣
ብስክሌት መሄጃ፣ አበባና መብራት።
ቤቷ ስትፈርስ ካርቶኗን ብቻ ነው በእቅፍ ያወጣናት።

የመጀመሪያው ኔጋቲቭ፦
ሙሽራዪቱ ቆማለች በጥቁር ቬሎ፤
ከል የለበሰችው አሮጊት ደግሞ ነጭ፣ እሷ የምትዳር መስሎ።
ስልኩን አንዴ ስነካ ሁሉም ይገለበጣል፣
ከል ወደ ሐዘኑ፣ ቬሎም ወደ ሠርጉ ይመለሳል።
እሱ ሌሊት ሙሉ፣ በቀይ አምፖል ጭላንጭል፣
እጁን መድኃኒት እየበላው ያጥበው የነበረ ምስል፣
እኔ ጣቴ ሳይርስ፣ በቅጽበት፣ ቁጭ ብዬ።
አላፍርም አልልም፣ አባዬ።

ቁጥር መቶ አሥራ አራት። ጉርድ፣ ስድስት ፍሬ።
ቀብድ አንድ ብር። ቀጠሮ ሐሙስ፣ ጥር፣ ስልሳ ዘጠኝ።
ስም፦ አውላቸው ገብሬ።
የተዋሰው ኮት ነው፣ ትከሻው ይሰፋል፤
የሸሚዙን አንገት እስከ ላይ ቆልፏል።
ከጥጉ አሻራ አለ፣ ያውራ ጣት፣ የአባቴ፣
ፊልሙ ሳይደርቅ ነክቶት።
«ጉድፍ ተገኝቷል፣ ይጥፋ?» አለኝ ስልኬ።
አይጥፋ አልኩት በጣቴ።

ሐሙስ መጣ፣ ሄደ። ልጁ አልተመለሰም።
ያኔ «የት ቀረ» ተብሎ አይጠየቅም፤
አባቴ አልጠየቀም።
ግን ደግሞ አልጣለም።

መብራት ጠፋ። እስከ ሠራተኛ ሰፈር ድፍን ያለ ጨለማ።
ታብሌቷ ባትሪ አላት፤
የልጁ ፊት ከሰል፣ ብሌኑ እንደ ሻማ፣
ጸጉሩ ጥጥ።
ልጄ ኤፍራታ ከኋላዬ መጥታ፣ አንገቷን አስግጋ፣
«እኚህ ሽማግሌ ማናቸው?» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
«የአያትሽ ደንበኛ።»
«ፎቷቸውን መቼ ነው የሚወስዱት?»
«ሐሙስ» አልኳት።

ለመገልበጥ አንድ መንካት ብቻ ነው የቀረኝ።
ብነካው ሃያ ዓመቱ ነው፤ ብተዋቸው፣ ሰባን ሊሻገሩ።
ጣቴን ሰበሰብኩ።
ሳልገለብጣቸው፣ እንደ ሸበቱ፣ ከነኮታቸው አደሩ።