ውል

በአንድ ፊደል ብቻ ነው የምንለያየው፤
እሷ በ«አ» ትጀምራለች፣ የኔ «ተ» ነው።
አከራይ፣ ተከራይ፤
የቀረው ፊደል የጋራ ነው እንደ ደረጃው፣
ምድር ቤት እንዳለው ማጠቢያ፣ እንደ ማሞቂያው።

ዊኒፔግ፣ ሳርጀንት ጎዳና፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ወረቀቱ አሥራ ዘጠኝ ገጽ፣ ቃሉ ደረቅ።
ሃሊና መነጽሯን በሹራቧ ጠርጋ፣
ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሯን እያላወሰች
ከአንቀጽ አንድ እስከ አርባ አንድ ዘለቀች፦
ኪራይ ወር በባተ በመጀመሪያው ቀን፤
የግማሽ ወር መያዣ በቅድሚያ፤
ሚስማር በፈቃድ፤
አንቀጽ ሃያ ሁለት፣ ጫማ ኮሪደር ላይ አይቀመጥም፤
አንቀጽ ሃያ ሦስት፣ ስሙ እዚህ ያልሰፈረ ሰው
ከአሥራ አራት ሌሊት በላይ አያድርም።

እዚህ ላይ ቀና አለች። «ዘመድ አለህ?»
«የለኝም» አልኳት። ያን ዕለት እውነት ነበር፤ ቢያንስ በዚህ ከተማ።
አባቴ ቢሆን ዋስ ይጠራ ነበር፣ ለዋሱም ዋስ፤
የኔ ምስክር ጫፉ የታኘከ እስክሪብቶዋ ነበር።
ፈረምኩ።

ከዚያ ጥር መጣ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
እኩለ ሌሊት ላይ መንበሩ ደወለ፣ የአክስቴ ልጅ፤
ከብራንደን ቄራ፣ ቀኝ እጁን ቢላ በልቶት፣
በግራው ሻንጣ አንጠልጥሎ።
«ለሁለት ቀን ነው» አለ።
ሁለት ቀን ልቃቂት ነው፤
ውሉን ያጡት እንደሆን መቋጫው አይገኝም።

ሶፋዬ አጭር፣ እሱ ረጅም፤ እግሩ አየር ላይ ያድራል።
እሱ ያንኮራፋል፣ እኔ እቆጥራለሁ።
ስምንት።
ዘጠኝ።
ማሞቂያው ኳ ሲል ሃሊና መስላኝ ተነሥቼ እቀመጣለሁ።
አሥራ አንድ።
ቦቱን ደብቅ አልኩት፤ ቁጥሩ አርባ ስድስት፣
የበረዶ ቦት፤ የትኛው አልጋ ሥር ይሸሸጋል?

በአሥራ ሦስተኛው ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣሁ፤
ያቺን «ያድራል» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አየኋት።
በእኛ አፍ ማደር ብዙ ነው፦
ለቃሉ ያደረ አለ፣ ለሆዱ ያደረ አለ፣
እንግዳ አስተኝቶ ራሱ ቁጭ ብሎ ያደረ አለ።
ወረቀቱ የሚያውቀው አንዱን ነው፤ በጣት የሚቆጠረውን።

በአሥራ አምስተኛው ጧት በሩ ተንኳኳ።
ውሸት አሰናድቻለሁ፤ ሐኪም ቤት፣ ቀጠሮ፣ የተሰረዘ አውቶቡስ።
እሷ ግን የምታየው ወለሉን ነው፤
መንበሩ ምክሬን አልሰማ ኖሯል፣
ሁለት ጥንድ ቦት ኮሪደሩ ላይ፣ በረዷቸው ቀልጦ፣
ጨው ያዘለ ውሃ ወደ ጎረቤት በር እየተጓዘ።
«አንቀጽ ሃያ ሁለት» አለች።
ጠበቅኩ።
ሃያ ሦስትን አላነሳችም።
ከብብቷ ሥር አንዲት ገጽ መዘዘች።
«ስሙን ፊደል በፊደል ንገረኝ፤
ለውሃ በወር አሥራ አምስት ዶላር ይጨመራል።»

መንበሩ በግራ እጁ ፈረመ፤
ፊርማው ቁልቁል ተንሸራቶ ከመስመሩ ወጣ።
«ይሄ ፊርማ ነው?»
«ነው» አልኳት፣ «ምስክሩ እኔ ነኝ።»
ለእንደሱ ያለ ሰው ፎርሙ ላይ ስም የለም፤ እኛ ዘንድ ግን አለ፣
በ«ደ» ይጀምራል፦ ደባል።

ማታ መብራት አጥፍተን ተኛን።
ልማድ ሆኖብኝ፣ በልቤ መሆኑ ቀርቶ ድምፄን አሰምቼ ቆጠርኩ፤
«አሥራ አምስት።»
ከሶፋው ላይ፣ እንቅልፍ ባልነካው ድምፅ፣
«አሥራ ስድስት ነው» አለኝ፤
«የመጣሁባትን ሌሊት ዘለልካት።»