ለካ

አሮጌው በራችን ሲነሳም ሲወርድም
ያጓራ ነበረ፤ ጎረቤት አይወድም።
ሠላሳ ሁለት ዓመት የሌሊት አውቶቡስ
ነድቶ፣ ባሌ ኤምሪስ ጎህ ሳይቀድ ሲመለስ
ያ ቆርቆሮ ነበር ደወሌ፤ ስሰማ
ወደ ግድግዳ ዞሬ እተኛለሁ፣
በቀረችው ጨለማ።

አሁን ጡረታ ወጥቷል። ጋራዡ ውስጥ ገብቶ
አኮርዲዮን ይጠግናል፣ ወናፉን ፈታቶ፤
ግን የዌልስ ኅዳር ነው፤ ከኮረብታው ንፋስ
በበሩ ሥር ሾልኮ ጣቱን እስኪነክስ፣
ሙጫው በጣሳው ውስጥ እንደ ጮማ ረጋ።
«በሩን እንለውጥ» አልኩት። «ስንት ነው ዋጋ?»
«ከጉልበትህ ሐኪም ይረክሳል» ብዬው
ካታሎግ ዘረጋሁ፣ ሻይ እንዳይነካው።

ከሰል መሳይ ግራጫ፣ ክሬም፣ አረንጓዴ፣
እንጨት ሳይሆን እንጨት የሚመስል ዘዴ፤
እሱ ሆዬ ቀለሙን ትቶ ሆዱን ያያል፦
«ባዶ አሉሚኒየም ምን ይረባል? ጣሳ ነው፣ ይጮኻል።
ከርብራቡ መሀል ፎም ይጠቅጠቅበት፤
ሙቀቴን ልቆልፍ፣ መኪናዋ ትውጣለት።»
ልብሱን እኔ መረጥሁ፣ እሱ ሆድ ዕቃውን፤
እንደ ሰሌን የሚጠቀለል፣ ግራጫ። በቃ።

ከዚያ መለካት መጣ።
እኔ ሜትሩን በዚህ፣ እሱ በዚያ ይዞ፣
ላይ፣ መሀል፣ ታች፣ ከጆሮው እርሳስ መዝዞ፤
ላይ ሁለት ሜትር ከሠላሳ አንድ ነው፣
መሀሉ ሠላሳ፣ ታች ሃያ ስምንት ብቻ ነው።
«ቤቱ ጠማማ ነው» — ፊቱ እንደ ተበደለ —
«አርባ ዓመት ስገባ ማን ነገረኝ?» አለ።
«ትንሹን ጻፍ» አልኩት፣ «ከሦስቱ ትንሹን፤
ለጠባቡ ልክ ነው ሰው የሚሰፋ በሩን።»
ጻፈ። ሰረዘ። ወጥቶ ደግሞ ለካ።
ለጥቅሉ ሳጥን ከላይ ሠላሳ ሳንቲም ያስፈልጋል ለካ፤
መደርደሪያው ተነሳ፣ የቀለም ጣሳዎቹ
አልጋችን ሥር ገቡ፣ ከነአቧራዎቹ።

ማክሰኞ ጌቲን መጣ ከተለማማጁ ጋራ፣
ማርጌድ የምትባል ልጅ፣ ቀጭን፣ ነገር የማትፈራ።
አሮጌውን በር ሁለት ሆነው ሲያወርዱ
ስፕሪንጉ አንዴ ጮኸ፣ ተሰማ እስከ መንገዱ፤
ኤምሪስ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።
ጡብ ሲበሳ ቀይ አቧራ ሻዬ ላይ ወደቀ።
ውሃ ልኩን የያዘች እሷ ናት፤ «አረፋው ሸሸ» አለች፣
ከግራው ሐዲድ ጀርባ ሽብልቅ ቀረቀረች፤
ጌቲንም በኩራት ራሱን ነቀነቀ።
«ይጫኑ» አሉት። ኤምሪስ ተጫነ።
በሩ እንደ ዓይን ቆብ ያለ ድምፅ ወረደ፣
የተረሳ ባልዲ ሲነካ እንደ ጨዋ ሰው ይቅርታ ብሎ ተመለሰ፣
ባልዲው ሲነሳለት እንደገና ወረደ።
«መብራት ቢጠፋ መዘውሩ ይኸው» ብለውን ሄዱ።
ከሁለቱ ሪሞት አንዱ በሳምንቱ
ከኤምሪስ ሸሚዝ ጋር ታጠበ፣ ከነባትሪቱ።

የመጀመሪያው ሌሊት ጸጥታው ቀሰቀሰኝ። ገባ? ወጣ?
ጆሮዬን ተከልሁ፤ ምንም ከየትም አልመጣ።
በአራተኛው ቀን ኤሉኔድ፣ ፊት ለፊት ያለችው፣
ኬክ በሳህን ይዛ ደጃፌን አንኳኳችው፦
«ኤምሪስ ታመመ እንዴ? በሩን አልሰማሁም» አለችኝ፣
ዓይኗን በትከሻዬ አሻግራ፣ እንደ ደበቅኩት ቆጥራኝ።
ለካ ያ ሁሉ ሰፈር፣ ሲማረር የኖረው፣ ለካ
ሰዓቱን በኛ ቆርቆሮ ነበር የሚለካ።

ጌቲን ሥራውን ሊያይ ተመልሶ መጣ። ወለሉ ጎብጦ ኖሮ
በግራው ጥግ ጎማው አልነካም፤ ጣት ታልፋለች።
«ልድፈናት» አለ፣ አፍሮ።
«ተዋት» አልኩ። ኤምሪስ ዞሮ አየኝ።
ለሙቀት ብሎ ሦስቴ የለካ ሰው፣ ምን ይበለኝ?

ማታ ከመኝታ ቤት መስኮት ቁልቁል ሳይ
ያቺ ክፍተት ቢጫ ናት፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ፤
ስትጠፋ
ደረጃው ላይ ካልሲው፤
ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።